የእንቅልፍ እናት

ኖላዊት የኬሚስትሪ ፈተና ላይ እንቅልፍ ጥሏት፣ የመልስ ወረቀቱ ጉንጯ ላይ ተለጥፎ በተገኘችበት ዕለት፣ እናቷ ውብአየሁ በሲያትል ከተማ ሲታክ ኤርፖርት ውስጥ አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፋች ነበር። ስልኳ ነዘረ። የትምህርት ቤቱ ቁጥር ነው፤ አሁኑኑ ነይ ተባለች። አሮጊቷን እስከ አውሮፕላኑ በር አድርሳ፣ በሰላም ይግቡ ብላ፣ አለቃዋን አስፈቅዳ እስክትወጣ ድረስ፣ ልጄን መኪና ገጭቷት ነው ብላ የለቅሶውን ግማሽ በሆዷ አልቅሳ ጨርሳለች። ስለዚህ ትምህርት ቤት ደርሳ «ልጅሽ ክፍል ውስጥ ተኛች» ሲሏት መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነው።

የትምህርት ቤቱ ካውንስለር፣ የተማሪዎቹ አማካሪ፣ ግን አልሳቀችም። ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ኖላዊት ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ፣ ምሳዋን መብላት እንደተወች፣ ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስም እንደተገኘች ነገረቻት። ከዚያ ስለ እንቅልፍ አወራች። እንቅልፍና መንፈስ ጎረቤት ናቸው አለች፤ የአንዱ ቤት ሲቃጠል የሌላው አይተርፍም። ስልክ ልጆቹን እንቅልፍ ይነሳል፤ ያዘነ ልጅ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ይሸሸጋል፤ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ ከልጁ በቀር የሚያውቅ የለም። «ስለዚህ ጠይቂያት» አለች። «ነጥቀሽ አትውሰጂባት፤ ተስማሙ። ማታ ማታ ደግሞ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ ያንቺም የአባቷም ጭምር፣ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር።»

የውብአየሁ እንግሊዝኛ ደህና ነው። ነገር ግን ሰው በጆሮው የሚሰማው ልቡ አስቀድሞ የወሰነውን ነው። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ እሷ ይዛ የወጣችው አንድ ቃል ነው፤ «ስልክ»።

«ስልኩ ነው አይደል?» አለች መኪና ውስጥ።

ኖላዊት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «ኮምፕሊኬትድ ነው፣ ማሚ» አለች።

«ምን ማለት ነው ኮምፕሊኬትድ? ምኑ ነው የተወሳሰበው? ስልኩ ነው ወይስ አይደለም?»

«ስልኩም ነው። ግን...»

«በቃ!» አለች ውብአየሁ። ያቺ «ግን» እዚያው መኪናው ውስጥ ቀረች።

የዚያን ዕለት እራት ሳይቀርብ ስልኩን ተቀበለቻት። ባሏ አብዮት አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ ከዶሮ ጋር ነው የሚተኛው። ሊተኛ እያዛጋ «ሴትየዋ ተስማሙ አላለችም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ተስማምተናል።»

«ማን ከማን ጋር?»

ውብአየሁ ወደ ኩሽና ገባች። ስልኩን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ባለው የሽሮ ጣሳ ውስጥ ቀብራ፣ ክዳኑን ጥርቅም አደረገችው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱ የጦር ሜዳ ሆነ። ኖላዊት በር ደረገመች፣ አኮረፈች፣ በእንግሊዝኛ ተሳደበች፣ አለቀሰች። እነዚያ ቀናት ካለፉ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ልጅቷ መተኛት ጀመረች። ጠዋት በአንድ ጥሪ ትነሳለች፤ ቁርስ ትበላለች፤ ፊቷ መለስ አለ። አንድ ቀን እንዲያውም ዕቃ ስታጥብ አንጎራጎረች። ውብአየሁ በደስታ እንባዋ መጣ። በእውነትም ደስ የሚል ነገር ነበር፤ እዚያ ላይ ቢበቃ ኖሮ ይህም ታሪክ እዚሁ ባበቃ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሴቶቹ ሻይ በዳቦ ይዘው ሲጨዋወቱ፣ ስለ ልጆች ተነሣ። አንዷ «የኔማ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ከብርድ ልብሱ ሥር ይታያል» አለች። ሌላዋ «የኔ ከሰው ጋር አትበላም» አለች። ውብአየሁ ጉሮሮዋን ጠረገች። አጠገቧ የተቀመጠችው ኤልሳቤጥ፣ ሬኒየር አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ ፀጉር ቤት ያላት፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ ሴት ናት፤ ወሬ ስትሸት እጇ ሳታውቀው ቪዲዮ ይከፍታል። ውብአየሁ የሽሮውን ጣሳ፣ የበሩን ድርገማ፣ የጠዋቱን ቁርስ በእጇም በፊቷም እያሳየች ተረከችው። ተረክ ትችልበታለች፤ አባቷም ለቅሶ ቤት ሰው የሚያስቁ ነበሩ ይባላል። ስትጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ።

ኤልሳቤጥ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ከዱባይ እስከ ጆሃንስበርግ ያየው ሰው ተቆጥሮ አያልቅም። «እናት እንዲህ ናት!» «ይቺን ሴት ፓርላማ አስገቧት!» «እኔም ዛሬውኑ ጣሳ ልገዛ ነው!» ከሪያድ አንዷ «የእንቅልፍ እናት» ብላ ጻፈች፤ ስሙ ጸደቀ።

ውብአየሁ ኮሜንቶቹን በምሳ ሰዓቷ፣ በኤርፖርቱ የሠራተኞች ክፍል ተቀምጣ፣ አንድ በአንድ አነበበች። በዊልቸር የምትገፋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነው የሚሄዱት፤ ስሟን የሚጠይቃት የለም። አሁን ግን የማታውቀው ሕዝብ «እናታችን» ይላታል። ያን ዕለት ሳንድዊቿን ሳትበላ የምሳ ሰዓቷ አለቀ።

የራሷን አካውንት ከፈተች። አብዮት ግራ ገባው።

«ልጆቹን ከስልክ ለማዳን ስልክ ላይ ትወጫለሽ?»

«እናቶቹ ያሉት እዚያ ነዋ! ሌላ የት ላግኛቸው?»

«እሳት በእሳት ሲጠፋ አላየሁም» አለና ሊተኛ ሄደ።

ከሥራ ስትመለስ የቪዲዮ ክብ መብራት ከሳሎኑ ጥግ አቁማ ላይቭ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ መግባት ጀመረች። ሲያትል ሲመሽ በዓረብ አገር ይነጋል፤ አገር ቤትም ሰው ወደ ሥራው እየወጣ ነው፤ ተከታዮቿ አንዱ ወገን ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ደህና እደሩ ልትል አፏን በከፈተች ቁጥር «እማዬ ገና አሁን ገባሁ እኮ!» የሚል አይጠፋም። እሷም «እሺ የኔ ጌታ» ትላለች። እንዲህ እያለች፣ ለእንቅልፍ ክብር ስጡ እያለች፣ የእንቅልፏን ሰዓት ስለ እንቅልፍ በመስበክ ትፈጀዋለች። አልጋዋ ላይ ከወጣችም በኋላ ጀርባዋን ለአብዮት ሰጥታ የተጻፈውን ታነባለች። ብርሃኑ እንዳይቀሰቅሰው ብርድ ልብሱን ከራሷ በላይ ትስበዋለች። ይህን ነገር ከማን እንደሰማችው በዚያ ሰዓት ትዝ አላላትም።

ወሬ ደግሞ እንደ ሻይ ቅጠል ነው፤ ደጋግመው ሲቀቅሉት ይቀጥናል። የጣሳው ታሪክ ሲደጋገም ሰው ከላይቩ መውጣት ጀመረ። ውብአየሁ አዲስ ነገር መጨመር ነበረባት። መጀመሪያ ኖላዊት ሽንት ቤት ገብታ ማልቀሷን ተናገረች። ተመልካቹ ጎረፈ። «ለምን አለቀሰች?» ብለው ጠየቁ። ውብአየሁ ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ጠይቃትም አታውቅም። ግን ይሄ ሁሉ ሕዝብ እየጠበቀ «አላውቅም» ይባላል? እናት ሆና?

«በመልኳ ነው» አለች። «ስልኩ ላይ የምታያቸው ሴቶች ሁሉ እንደ አሻንጉሊት ናቸው። የኔ ልጅ ደግሞ ግንባሯ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ በአባቷ ነው የወጣችው። እሱን እያየች ነው የምታለቅሰው፣ የኔ ምስኪን።»

ያ ቪዲዮ ከሁሉም በላይ ታየ። አንድ ደግ አድራጊ ነኝ ባይ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጽፎ፣ የለቅሶ ሙዚቃ ጨምሮበት፣ እንደገና ለቀቀው።

ኖላዊት ስልክ የላትም፤ ማታ ላይቩ ሲጀመርም እሷ ተኝታለች፤ ስለዚህ ዓለም ሁሉ ስለ ግንባሯ ሲነጋገር ያልሰማችው እሷ ብቻ ነበረች። የሰማችው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። መዝሙር ልምምድ ላይ ከኋላዋ የቆሙት ልጆች ይንሾካሾካሉ። አንዷ ዞር ብላ፣ በቅን ልቦና ይሁን በተንኮል እግዜር ይወቀው፣ «አትዘኚ፤ እኔ እንደውም ግንባርሽ ያምራል ባይ ነኝ» አለቻት። ኖላዊት የተባለው ነገር አልገባትም። ልጅቷ አሳየቻት።

ቤት ስትደርስ ውብአየሁ መብራቷን እያስተካከለች ነበር። ኖላዊት ጫማዋን ሳታወልቅ መሀል ሳሎን ቆመች።

«ግንባሬ ምን ሆነ?» አለች በአማርኛ። ስትናደድ ብዙ ጊዜ የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ መናገሯ ውብአየሁን አስፈራት።

«ኖሊዬ፣ ሌሎች እናቶች እንዲማሩበት ብዬ...»

«ስለ ግንባሬ አልቅሼ አላውቅም። ግንባር እንዳለኝም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ግን ሌላ ምንም አይታየኝም።» ወደ ክቡ መብራት ጠቆመች። «ስልኬን ወሰድሽ፣ ኦኬ። እኔን ግን ለማን ነው የሰጠሽኝ?»

ውብአየሁ «ስሜት ነው፤ ያልፋል» አለች። ለኖላዊት ይሁን ለራሷ አልለየችውም። ልጅቷ ክፍሏ ገባች። በሩን አልደረገመችውም፤ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ኖላዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ አልጋዋ ውስጥ ትገባለች። እራት ሲጠሯት አትነሳም። ቅዳሜ እኩለ ቀን እስኪሆን ትተኛለች። ውብአየሁ ክፍት በሯ ላይ ቆማ ታያትና ደስ ይላታል፤ «ሰላም ነው፤ ተኝታለች» ትላለች። ለተከታዮቿም «የኔዋ አሁን እንቅልፍ ጠገበች! እንደ ሕፃን ነው የምትተኛው!» ብላ አበሰረች። የልብ ምልክት በላይ በላዩ ተላከላት።

ልብ ብቻ ግን አልነበረም የሚላከው። እንግዳ ሲበዛ ከመሀሉ ሰካራም አይጠፋምና፣ ከምስጋናው መካከል ሌላ ሌላውም ብቅ ብቅ ይል ጀመር። «አንገቷን አያችሁ?» «ስታወራ አፏ ይጣመማል።» «ይቺ ሴት እውነት እናት ናት ወይስ ተዋናይ?» ሺህ ሰው ሲያመሰግናት ውሎ አንዱ ስለ አንገቷ የጻፈው ነው አልጋ ድረስ የሚከተላት። ጠዋት መስታወት ፊት አገጯን ቀና አድርጋ ቆዳዋን ትስባለች። ነጠላዋን ከፍ አድርጋ አንገቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች፤ «ነጠላዋን ለምን እንደ ቁስለኛ ትጠመጥማለች?» ተባለ። መልስ ጻፈች፤ አጠፋችው፤ ደግማ ጻፈች። ስልኩ ዝም ሲልም ያስጨንቃታል፤ ረሱኝ ማለት ነው። ሲነዝርም ያስጨንቃታል፤ ሰደቡኝ ማለት ነው።

ሥራ ላይ ዓይኗ ክፍት ሆኖ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። አንድ ቀን አላስካ ልጃቸው ዘንድ የሚሄዱ ሽማግሌ ገፍታ ገፍታ አሪዞና በሚሄደው አውሮፕላን በር ላይ አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌው ወፍራም ኮታቸውን ለብሰው፣ በቁምጣ የተሰለፈውን ሕዝብ እያዩ፣ «የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ብርድ አይፈሩም ማለት ነው?» አሏት። ያን ዕለት አለቃዋ ቢሮ ጠርቶ፣ ቤት ውስጥ ችግር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ምግብ አስጠልቷት፣ ለትንሽ ለትልቁ እንባዋ እየመጣ፣ «ምንም የለም፤ ትንሽ ድካም ነው» አለች።

በዚህ መካከል ከከተማው ኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ጥሪ መጣ። «የልጆቻችን እንቅልፍና የአእምሮ ጤና» በሚል ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ የወላጆች ስብሰባ ሊደረግ ነው። አንዱ ተናጋሪ ዶክተር ልዑልቃል የሚባል የልጆች የአእምሮ ሐኪም ነው። ሌላዋ የክብር እንግዳ ደግሞ ራሷ የእንቅልፍ እናት። ስብሰባው በቀጥታ ይተላለፋል። ውብአየሁ ኖላዊት አብራት እንድትመጣ ለመነቻት፤ ሰው ልጅቷን ማየት ይፈልጋል። ኖላዊት በቅርቡ የተለማማጅ መንጃ ፐርሚቷን ስላወጣች፣ አዋቂ አጠገቧ ካለ መንዳት ትችላለች። «እኔ ከነዳሁ እመጣለሁ» አለች። በሳምንቱ ውስጥ ከተናገረችው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር።

ከመድረኩ በስተጀርባ፣ ማይክሮፎን ደረታቸው ላይ እየተሰካላቸው ሳለ፣ ዶክተሩ ውብአየሁን ሰላም አላት። ገና ወጣት፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ትሑት ሰው ነው።

«ልጅዎ እንዴት ናት አሁን?»

«ኧረ ተመስገን ነው ዶክተር! ትተኛለች። ከትምህርት ቤት መጥታ ትተኛለች፣ ቅዳሜ ትተኛለች፣ እራትም ረስታ ትተኛለች።»

ዶክተሩ ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። «ስትነቃስ?»

«ስትነቃ?»

«ከማን ጋር ታወራለች? ምን ያስቃታል?»

ውብአየሁ ለመልስ የማትቸገር ሴት ናት፤ አሁን ግን ነጠላዋን አንገቷ ላይ ማስተካከል ያዘች።

«ብዙ መተኛትም እኮ አንዳንዴ ጥሩ ምልክት አይደለም» አለ ዶክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዳስደነግጥዎ አይደለም። ከስብሰባው በኋላ እናውራ፣ እሺ?»

መድረክ ላይ ወጡ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ውብአየሁ ባለ መደገፊያው ሶፋ ላይ ተቀመጠች፤ ሶፋው ለስላሳ ነው፤ የአዳራሹ ማሞቂያ ደግሞ ደህና አድርጎ ይሠራል። ቅድሚያ ለዶክተሩ ተሰጠ። ስለ ታዳጊዎች እንቅልፍ ይናገራል፤ ድምፁ ወፍራምና ገር ነው። ውብአየሁ ከሕዝቡ መካከል ኖላዊትን ፈለገቻት። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ አውርዳ ተቀምጣለች። «ከማን ጋር ታወራለች?» የሚለው ጥያቄ ጭንቅላቷ ውስጥ ዞረ። እስቲ ላስታውስ ብላ፣ በደንብ ለማሰብ፣ ዓይኗን ለአንድ አፍታ ጨፈነች።

ዶክተሩ «እንቅልፍ ያጣ አእምሮ አይታለልም፤ አንድ ቦታ ላይ ዕዳውን ያስከፍላል» ሲል፣ አዳራሹ ውስጥ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሰዎቹ መጀመሪያ የድምፅ ማጉያው የተበላሸ መሰላቸው። አንዱ ልጅ ተነሥቶ ገመዱን ነካካ። ድምፁ ደገመ፤ ወጣ፣ ተቋረጠ፣ እንደ ፉጨት ሆኖ ወረደ። የክብር እንግዳዋ አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልሶ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ማይክሮፎኗ ደረቷ ላይ እንደበራ፣ ታንኮራፋለች።

ዶክተሩ ጨዋ ነው፤ ንግግሩን አቁሞ ድምፁን ዝቅ በማድረግ «ቀስ ብላችሁ ማይኩን አጥፉላቸው፤ ይተኙ» አለ። እሱም በድምፅ ማጉያ ስለነበር ሳቁ ፈነዳ። ውብአየሁን የቀሰቀሳት ሳቁ ነው። በድንጋጤ ነቃች፤ ተራዋ የደረሰ መሰላትና «ስለዚህ እናቶች፣ ለእንቅልፍ ክብር ስጡ!» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስታወስ አትፈልግም። ማኪያቶ የያዙ ሰዎች በሳቅ ተንበርክከው፣ የተዘረጉ ስልኮች፣ ኤልሳቤጥ ከፊት ረድፍ «አይዞሽ! አይዞሽ!» እያለች፣ እጇ ግን እየቀረጸ። ከሶፋው ተነሥታ በጎን በር ወጣች። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች፤ ኖላዊት ናት። ልጅቷ ምንም ሳትል የመኪናውን ቁልፍ ከእጇ ወስዳ በሩን ከፈተችላት።

በከተማዋ ሐይቅ ዳር ነዱ። ኖላዊት ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ፣ እንደ አዲስ ነጂ ቀስ ብላ ትነዳለች። የውብአየሁ ስልክ ጭኗ ላይ ይነዝራል። ልታየው ስትል ልጅቷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ «አታንብቢው» አለች።

«ሁሉም አይተውት ይሆን?»

«ገና ነው። ነገ ያዩታል።»

ሲዋርድ ፓርክ የሚባለው መናፈሻ ገብታ ውኃው ፊት ለፊት ፓርክ አደረገች፤ መኪናው በትንሹ ተጣሞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋች።

«ነገ ሥራ ስትሄጂ» አለች ኖላዊት፣ «የሚያይሽ ሰው ሁሉ ያየው ይመስልሻል። ግማሹ አላየውም። ግን የትኛው እንዳላየው አታውቂም። ከባዱ እሱ ነው። ሰው ሲስቅ ስለሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ግን...» ትከሻዋን ነቀነቀች።

ውብአየሁ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በልጅቷ ፊት ላለማልቀስ ፈለገች፤ አልሆነላትም። «አንቺም እንዲህ ነሽ?»

«አሁን ነኝ። በፊት እንዲህ አልነበረም።»

«በፊት ምን ነበር?»

ኖላዊት ጠየቀችኝ ብላ ማመን ያቃታት ይመስል ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያቀላቀለች ነገረቻት። ያስለቀሷት ከከተማው በስተሰሜን ሾርላይን ሲኖሩ አብረዋት የተማሩ ጓደኞቿ ናቸው። እነ ኖላዊት በስተደቡብ ወደ ስካይዌይ ሰፈር ከተዛወሩ በኋላ የቀሯት አንድ ገመድ የቡድን ቻታቸው ነው፤ የሚያወሩት ደግሞ ከመሸ በኋላ ነው። ከተኛች ጠዋት የማይገባት ቀልድ ይጠብቃታል። ስለዚህ አትተኛም። እነሱ ሲስቁ አብራ ለመሳቅ ብቻ ትጠብቃለች። በኋላ እሷ የሌለችበት ሌላ ቻት እንደከፈቱ አወቀች። ያኔ ነው ሽንት ቤት ገብታ ያለቀሰችው።

«ስልኬን ስትወስጂብኝ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «በእውነት። ቢያንስ አንቺ ከለከልሽኝ እላለሁ፤ እነሱ አስወጡኝ አልልም። ተኛሁም። ግን ከነሱ አንዷ፣ መክሊት፣ ለብቻዋ ትጽፍልኝ ነበር፤ እሷ ደግ ናት። ለሷም መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። ያን ዕለት መኪና ውስጥ ልነግርሽ ነበር። ‹በቃ› አልሽኝ።»

ውብአየሁ የማታውቃቸው እናቶች የልጆቻቸውን ጉድ ዘርግፈውላት፣ «አይዞሽ እህቴ፣ እሰማሻለሁ» ስትል የሰነበተች ሴት ናት። ይህች ግን ከግድግዳ ወዲያ የምትተኛው ናት። «ይቅር በይኝ» ልትል ፈልጋ፣ ቃሉ በሺህ ሰው ፊት የተለፈፈ ያህል ርካሽ መሰላት። የልጅቷን እጅ ያዘች። እጇ ቀዝቅዟል።

«ቪዲዮዎቹን ላጥፋቸው?» አለች በመጨረሻ፣ ስልኩን እያነሳች።

«አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አልነጥቅሽም።»

ይህ ከስድብ ሁሉ ይበልጥ ተሰማት። የኖላዊት ስም ያለባቸውን ቪዲዮዎች እያወጣች ማጥፋት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ቀለሉ። የግንባሩ ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷ ቆመ። ከሥሩ ያለው የተመልካች ቁጥር ረጅም ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በሕይወቷ ዳግመኛ እንደማታይ ታውቃለች።

«ይሄኛውን... ድምፁን ብቻ ብናጠፋው?»

«ማሚ!»

አጠፋችው። አጥፍታም ሆዷ ውስጥ እንደ ረሃብ ያለ ነገር ተሰማት፤ አፈረች፤ ግን ተሰማት። ሌሎች ቀድተው የለቀቁት እንዳለ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም። ትንሽ ቆይቶ ውብአየሁ ወንበሩን አስተኝታ ዓይኗን ከደነች። ኖላዊት ኮፍያዋን አውልቃ ዳሽቦርዱ ላይ ጣለች። ዳክዬዎቹ ሲንጫጩ ይሰማ ነበር።

ነገሩ በአንድ ቀን አልዳነም። ዶክተር ልዑልቃል ቃሉን ጠብቆ ደወለ፤ ኖላዊትን ከአንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ጋር አገናኛት፤ በየሳምንቱ ትሄዳለች፤ ምን እንደምታወራ ውብአየሁ አትነገርም፤ አለመነገሩም ያሳክካታል። ስልኩ ለኖላዊት ተመለሰላት። ማታ ማታ የሦስቱም ስልክ ኮሪደሩ ላይ ያድራል። ይህን ሕግ መጀመሪያ የጣሰው፣ የአርሰናልን ጨዋታ ሊያይ ሽንት ቤት ውስጥ የተያዘው አብዮት ነው። ውብአየሁም አልፎ አልፎ ውኃ ልጠጣ ብላ ተነሥታ ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች።

በአንድ ቅዳሜ ኖላዊት መክሊትን ላግኛት አለች። የከተማው ሐዲድ አሁን ሾርላይን ድረስ ስለሚደርስ በባቡር ሄዱ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ሐበሻ ሴት ውብአየሁን ስታይ፣ ስታይ ቆየችና «ይቅርታ እህቴ፣ በስልክ የማይሽ ሴት አይደለሽም?» አለች።

«ነበርኩ» አለች ውብአየሁ።

«እግዚአብሔር ነው ያገናኘን! ልጄ አይተኛም፤ ከክፍሉም አይወጣም። ምን ላድርገው?»

ያ የድሮው ሙቀት ደረቷ ላይ ወጣ። ትከሻዋ ቀና አለ፤ አንገቷ ተሳበ። ኖላዊት በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች፤ ጆሮዋ ግን ከእነሱ ጋር እንደሆነ ውብአየሁ ታውቃለች።

«እኔ እንጃ፣ እህቴ» አለች። መናገሩ አስቸገራት። «እሱ ምን ይላል?»

ሴትየዋ ቅር አላት። ስልኳን አወጣችና አንገቷን ደፋች።

ሾርላይን ሲወርዱ መክሊት ከደረጃው በታች ቆማለች፤ ቀጭን፣ ጥርሷ ላይ ብረት ያሰረች ልጅ ናት። ሁለቱ ልጆች አልተቃቀፉም። እየተያዩ ቆሙ፤ ሁለቱም ጫማቸውን አዩ። መክሊት አንድ ነገር ተናገረች፤ ኖላዊት አጭር መልስ መለሰች። ከዚያ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስገባ ክፍተት ትተው፣ ጎን ለጎን መንገዱን ተሻገሩ።

ውብአየሁ አንገቷን አስግጋ ከኋላቸው ተመለከተች። ይስቁ እንደሆነ፣ ወይ ይጣሉ እንደሆነ፣ ከሩቅ አይለይም።